የአርጉንጉ የዓሣ በዓልና የውሃ ጥበቃ

በዓል የደስታ ቀን ብቻ አይደለም። ሕዝብ ከጎረቤቱ ጋራ የገባውን ቃል የሚያድስበት፤ ከአባቶቹ የተቀበለውንም ሀብት ጠብቆ እንደ ኾነ ወይም አባክኖ እንደ ኾነ በአደባባይ የሚገለጥበት ቀን ነው። በሰሜን ምዕራብ ናይጄርያ፤ በኬቢ ግዛት፤ በአርጉንጉ ከተማ የሚደረገው የዓሣ ማሥገር በዓል ለዚህ ነገር መልካም ምስክር ነው።

የበዓሉ ታሪክ ከዕርቅ ጋራ የተያያዘ ነው። በአውሮጳ አቆጣጠር በ1804 ኡስማን ዳን ፎዲዮ ባስነሣው ጦርነት የሶኮቶ መንግሥት ከተመሠረተ በኋላ፤ የኬቢ ሰዎች አንገዛም ብለው አርጉንጉን መቀመጫ አድርገው ብዙ ዘመን ተዋጉ። ቂሙም ለልጅ ልጅ ተላለፈ። በ1934 ግን የሶኮቶው ሱልጣን ሐሰን ዳን ሙዓዙ ወደ አርጉንጉ በመጡ ጊዜ፤ አገሩ ለክብራቸው ታላቅ የዓሣ በዓል አደረገ። ዓሣ አሥጋሪዎቹ ከዚያ አስቀድሞ የራሳቸው ልማድ ነበራቸው፤ ከዚያ ወዲህ ግን ልማዱ የኹለቱ ወገኖች የሰላም ምልክት ኾነ።

በዓሉ በየካቲት መጨረሻና በመጋቢት መካከል ሲውል አራት ቀን ይፈጃል። የታንኳ ሽቅድምድም፤ ትግል፤ የጡጫ ግጥሚያ፤ የዱር ዳክዬን በእጅ መያዝም ይደረጋል። ዋናው ግን ማታን ፋዳ በሚባለው ውሃ የሚደረገው ውድድር ነው። ምልክቱ በተሰጠ ጊዜ በሺሕ የሚቈጠሩ ሰዎች የእጅ መረብና ትልልቅ ቅል ይዘው በአንድነት ወደ ውሃው ይገባሉ፤ በዘመናዊ መሣሪያ ማጥመድ ክልክል ነው። ከኹሉ የከበደ ዓሣ ያወጣ ሰው ይሸለማል። በ2005 ያሸነፈው ዓሣ 75 ኪሎ ይመዝን ነበር።

ይህን ያህል ዓሣ በአንድ ቀን የሚገኘው በዕድል አይደለም። ሳርኪን ሩዋ፤ ማለት የውሃ አለቃ፤ የሚባል ሹም አለ። ሹመቱም በአንድ ቤተ ሰብ ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል። የዚህ ሰው ሥራ ውሃውን መጠበቅ ነው፤ የበዓሉ ቀን እስኪደርስም ማንም መረብ እንዳይጥልበት ይከለከላል። እንግዲህ ተመልካች የሚያየው የአንድ ቀን ደስታ የዓመት ጾም ፍሬ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፤ የሳይንስና የባህል ድርጅት በ2016 በዓሉን ከሰው ልጅ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሲያገባው፤ በጽሑፍ ሳይኾን በቃልና በሥራ የሚተላለፈውን ይህን ዕውቀት ጭምር ማክበሩ ነው።

ነገር ግን ልማድ ብቻውን አይበቃም። በ2006 ውሃው በማነሱ ለሰው ያሠጋል ተብሎ የማሥገሩ ውድድር ቀረ። ይህ የሚያስመሰግን ውሳኔ ነው፤ በዓል ለውሃ ይታዘዛል እንጂ ውሃ ለበዓል አይታዘዝምና። ከዚያም በኋላ በዓሉ በጠቅላላው ዐሥር ዓመት ያህል ተቋርጦ በመጋቢት 2020 እንደ ገና ተደረገ። ወዲያው በዚያው ወር የኮሮና በሽታ የዓለም ወረርሽኝ ተባለ። የማሥገር ዕውቀት በሥራ የሚማሩት ነገር ስለ ኾነ፤ ዐሥር ዓመት ያልታየ በዓል ለአንድ ትውልድ ወጣቶች ወሬ ብቻ ኾኖ ይቀራል።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ለሹማምንት ግልጥ ነው። ለእንግዳ መቀመጫ መሥራትና ሽልማት ማብዛት ቀላል ነው፤ ለዐይንም ይታያል። የውሃውን አለቃ ሥልጣን ማክበር፤ መንገዱን ከሽፍታ ማጽዳትና ወንዙ እንዳይጐድል መትጋት ግን ከባድ ነው፤ የሚያጨበጭብለትም የለም። ኾኖም በዓሉን የሚያቆመው ይህ ኹለተኛው ሥራ ነው። ጥበቃው ቀርቶ ሽልማቱ ብቻ የበዛ እንደ ኾነ፤ ሕዝቡ በቀጠሮው ቀን መረቡን ይዞ ይመጣል፤ የሚያገኘው ግን ባዶ ውሃ ነው። በዓሉን ለማቆየት የሚወድ መንግሥት አስቀድሞ ወንዙን ያቆይ።