በቅሎ በጥርሷ፣ ጎማ በምኑ?

ቢቸና ገበያ በቅሎ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገውን ሁሉም ያውቀዋል፤ ከንፈሯን ገልጦ ጥርሷን ያያል። ስንት ክረምት እንዳሳለፈች ከዚያው ያነበዋል፤ ሻጩ በታቦት ቢምልም ጥርሷ ይመሰክርበታል። የእኛ ሰው ይህን ጥበብ መኪና ሲመጣ እንዳለ ወደ ጎማ አዞረው። ጎማ ሊገዛ የሄደ ሰው ጎንበስ ብሎ ጥርሱን ያያል፣ ጣቱን በጥርሶቹ መካከል ያስገባል፣ "ገና ነው" ይልና ይከፍላል። በቅሎ ላይ ያልተሸወደው ዓይን ጎማ ላይ ይሸወዳል። የበቅሎ ጥርስ ዕድሜ ይናገራል፤ የጎማ ጥርስ የሚናገረው ምን ያህል እንደተነዳ ብቻ ነው። መቼ እንደተሠራ፣ ስንት ዓመት ፀሐይ ላይ እንደተሰቀለ፣ ለየትኛው አገር አፈር እንደታሰበ አይናገርም።

ከደጀን ተነሥቶ በቢቸናና በሞጣ አድርጎ ባሕር ዳር በሚገባው መስመር የሚመላለስ፣ ከዋናው መንገድ ወጥቶም ወደ ቀበሌ የሚገባ ባለ ላንድክሩዘርና ባለ ፒክአፕ ሁሉ ዛሬ አንድ እምነት አለው። ሰኔ ሲገባ ጥርሱ ትልቅ፣ ወርዱ ሰፊ ጎማ ማሰር ያስፈልጋል ይላል። "የክረምት ጎማ" ይለዋል። እምነቱ የተሳሳተ ነው። እኔም ገንዘቤን ከፍዬ ነው ይህን የተማርሁት።

ስሙ ራሱ የመጀመሪያው ማታለያ ነው። ፈረንጅ የክረምት ጎማ የሚለው ለታኅሣሥና ለጥር ብርድ የተሠራ ነው፤ በእነዚያ ወራት የእነማይ ገበሬ ጤፉን አውድማ ላይ እየወቃ ነው፣ መንገዱም አቧራ ነው። ተራ ጎማ ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲወርድ እየጠጠረ ይሄዳል፤ ያኛው ግን በዚያ ብርድ ለስላሳ ሆኖ እንዲቆይ ተቀምሟል። ጥርሶቹም ላይ በምላጭ የተበጡ የሚመስሉ ቀጫጭን ስንጥቆች አሉት፤ በረዶውን የሚይዘው በእነሱ ነው። ጎኑ ላይ ባለ ሦስት ጫፍ ተራራ፣ በተራራው ውስጥም የበረዶ ቅንጣት ከተሣለበት ፈተና አልፎ የተሰጠው ምልክት ነው። "ኤም" እና "ኤስ" የሚሉት ፊደላት ግን ጭቃና በረዶ ለማለት ፋብሪካው በራሱ ቃል የሚጽፋቸው ናቸው፤ ማንም አልመረመራቸውም።

እንግዲህ ለብርድ የተቀመመውን ጎማ ይዘን ዓባይ በረሃ እንውረድ። ከጎሐ ጽዮን አፋፍ ድልድዩ ድረስ ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው። ፍሬን እየተያዘ፣ አስፋልቱ እየጋለ ሲሄድ ያ ለስላሳ ጎማ እንደ ላጲስ ይፋቃል። ቢቸናም ሞጣም 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያሉ ደጋማ ከተሞች ናቸው፤ የሐምሌ ቀናቸው ቢቀዘቅዝም ጎማ የሚያጠጥር ብርድ አይደለም። ጮቄ ላይ በረዶ ይጥላል የሚል አይጠፋም። ይጥላል። የጮቄ በረዶ ግን ከደመና ወርዶ ጥቂት ሰዓት ቆይቶ የሚቀልጥ ነው፤ ሲቀልጥ ደግሞ ያው ጭቃ ነው። ቋንቋችን ለዚህም ለፈረንጅ አገሩ በረዶም አንድ ስም ማውጣቱ ጎማ ሻጩን ጠቅሞታል።

ወደ ጥርሱ ልምጣ፤ ጣጣው ያለው እዚያ ነውና። ሐምሌ 2017 ዓ.ም. ከቢቸና ወደ ዲማ ጊዮርጊስ በኩል እየሄድሁ ነበር። አራቱም ጎማዬ አዲስ (ያኔ እንደመሰለኝ)፣ ወርዳቸው 285፣ በጥርስና በጥርስ መካከል አውራ ጣት የሚያስገቡ ነበሩ። ግማሽ ኪሎ ሜትር አልሄድሁም፣ ክፍተቱ ሁሉ በዋልካ ተደፈነ። ከዚያ ወዲያ ጎማው ጥርስ የሚባል ነገር የለውም፤ የጭቃ ድቡልቡል ሆነ። ነዳጅ ስረግጥ ጭቃ በጭቃ ላይ ተንሸራተተ፣ የኋላው ወደ ቦይ ሄደ፣ ሆዱ መሬት ነካ። በሬዎቻቸውን ይዘው ሊያወጡኝ የመጡት ሽማግሌ ጎማውን በዱላቸው ኮርኮር አደረጉና "ልጄ፣ ይኼ እኮ ጭቃውን ተሸከመው እንጂ አልረገጠውም" አሉኝ። ቃላቸውን እየሰማሁ ሳፍር አንድ ያረጀ ሃርድቶፕ፣ ጠባብ 7.50 በ16 ጎማውን ይዞ፣ በአንደኛ ማርሽ እያዘገመ በአጠገባችን አለፈ። ሾፌሩ እጁን እንኳ አላነሣልኝም።

የሽማግሌው ቃል የመሐንዲስ ቃል ነው። ዋልካ ውሃ ሲጠጣ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ ተረትሮ እግር የሚውጥ ስንጥቅ የሚያወጣ ሸክላ ነው። ገበሬው ጠባዩን ስለሚያውቅ ጤፉን የሚዘራው ጭቃውን በከብት አስረግጦ ነው፤ ጭነት ግን አይጭንበትም። ትልልቅ ጥርስ ያለው ጎማ ከጭቃ የሚላቀቀው በፍጥነት ሲሽከረከር፣ ጭቃውን ወደ ውጭ ሲወረውር ነው። ዋልካ ደግሞ የማይወረወር፣ የሚለጠፍ ነው። እንዲወረወር ብለህ ነዳጅ ስትጨምር ጎማው የቆመበትን ይቆፍራል። የቀበሌው መንገድ ከሥሩ ገረጋንቲና ድንጋይ ካለው ደግሞ፣ ላዩን ያለው ጭቃ አንድ ስንዝር ሊሆን ይችላል። 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ወርድ ያለው ጠባብ ጎማ ያን ጭቃ ሰንጥቆ ድንጋዩን ይረግጣል። ባለ 28 ሴንቲ ሜትር ተኩሉ ሰፊ ጎማ ግን እንደ ጀልባ ላዩ ላይ ይንሳፈፋል። ሰፊው ለአፋር አሸዋ ጥሩ ነው፤ አሸዋ ላይ መንሳፈፍ የሚፈለግ ነገር ነውና። ሰፊ ጎማ ያስመኘን ፎቶም ከባሕረ ሰላጤው በረሃ የመጣ ነው፤ ዋልካ ምን እንደሆነ በማያውቅ አገር የተነሣ ፎቶ።

ሥር የሌለው ዋልካም አለ። እዚያ ጠባቡም ሰፊውም ይሰምጣል፤ ሰንሰለት ማሰር ወይም ዞሮ መሄድ ወይም ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ እስኪነካው ሻይ ቤት መቀመጥ ነው። ሰንሰለት ስንት ነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው ጎማ ቤት ውስጥ አይቼ አላውቅም። የጥርሱን ጥልቀት ግን ሁሉም ይለካል።

ከጥርስ ይልቅ ብዙ የሚሠራው ነፋስ ነው፣ እሱ ደግሞ ገንዘብ አያስወጣም። እኛ ጋ ጎሚስታው "እንዳይተኛብህ" እያለ 45 እና 50 ፒኤስአይ ይሞላልሃል፤ ጎማው እንደ ከበሮ ይወጠርና መሬት የሚነካው መሐሉ ብቻ ይሆናል። የጭቃው ቦታ ሲደርስ እስከ 25 አውርዶ በዝግታ መሄድ፣ አስፋልት ሲገኝ መልሶ መሙላት ነው መፍትሔው። መልሶ መሙላቱ ግን ግዴታ ነው፤ ነፋስ ያነሰው ጎማ ዓባይ በረሃ ላይ ጎኑ እየታጠፈ ይግላል፣ ከመነዳሪ ያለውም ከመነዳሪው ቦታውን ይለቅና ቫልቩን ይነቅለዋል። ለዚህ የሚያስፈልገው የነፋስ መለኪያና ከመኪናው ባትሪ የምትሠራ ትንሽ ፓምፕ ናቸው። የሁለቱ ዋጋ ከአንድ ሰፊ ጎማ ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

በዚያ ላይ ጭቃው ከጉዞው ስንት እጅ ነው? ከአዲስ አበባ ደጀን ከ200 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ አስፋልት ነው። ባለ ትልልቅ ጥርሱ ጎማ አስፋልት የሚነካው በጥርሶቹ አናት ብቻ ስለሆነ ዝናብ ላይ ፍሬን ሲያዝ ዘግይቶ ይቆማል፣ ይጮኻል፣ ነዳጅም ይበላል። ከፋብሪካው ልክ በላይ ቁመት ያለው ከሆነ ደግሞ የፍጥነት መለኪያው ከእውነተኛው ፍጥነት ያነሰ ያሳያል። 80 እያየህ ከ80 በላይ ትሄዳለህ። እንግዲህ ለአምስት ኪሎ ሜትር ጭቃ ተብሎ፣ ለዚያውም ለማያወጣው ጭቃ፣ የቀረው መንገድ ሁሉ አደጋ ላይ ይጣላል።

ዕድሜውን ሳልናገር አላልፍም። ጎማው ጎን ላይ፣ ረጅም ፊደልና ቁጥር ከተደረደረበት መጨረሻ፣ አራት አሐዝ አለ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ይነግሩሃል፤ 2318 ማለት የ2018 23ኛው ሳምንት ነው። በማን አቆጣጠር? በፈረንጅ። በእኛ የ2010 ዓ.ም. ግንቦት ማብቂያ ግድም ነው። አንድ ወዳጄ በጥቅምት 2018 ዓ.ም. አዲስ አበባ ጎማ ሲገዛ ሻጩ አሐዞቹን በጣቱ እያሳየ "ጋሼ፣ ያውልህ፣ 18፣ የዘንድሮ ነው" ብሎታል። ወዳጄም ሰባት ዓመት ያለፈውን ጎማ የዘንድሮ ብሎ ከፈለበት። ሻጩ ይዋሽ ወይስ እሱም ይመን አላውቅም፤ ሁለተኛው ይመስለኛል፣ እሱ ደግሞ ይብሳል። ወዳጄ ይህን ሲነግረኝ ወርጄ የራሴን አየሁ። 3516። በእኛ ነሐሴ 2008። ጥርሱ ግን አንድ ሚሊ ሜትር አልጎደለም።

ጎማ ባይነዳም ያረጃል። አየሩና የደጋ ፀሐይ ያደርቁታል፣ ጎኑ ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ ስንጥቅ ያወጣል፣ ውስጡም የሽቦው ድርና ጎማው መያያዝ ይላላል። አንዳንድ መኪና ሠሪዎች ከ6 ዓመት በኋላ ቀይሩ ይላሉ፤ ጎማ ሠሪዎች ደግሞ ምንም ቢመስል ከ10 እንዳያልፍ ይመክራሉ። የደረቀው ጎማ ጭቃ ላይ ይንሸራተታል፣ ጋለ ባለው ቁልቁለት ደግሞ ቆዳው ይገፈፋል። በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ያለውን አሮጌ መኪና እየጠገኑ ማቆየት ልማድ ሆኗል፤ መኪናው አሮጌ ይሁን፣ ጎማውም አሮጌ ሲሆን ነው ችግሩ።

አንድ ቅሬታ ደግሞ አለኝ፣ የእኔ ሳይሆን የመንገዱ። የገጠር ቀበሌዎችን ከዋና መንገድ ለማገናኘት የዩራፕ መርሐ ግብር ከተጀመረ ወዲህ በየቀበሌው ብዙ መንገድ ወጥቷል፤ ሕዝቡም ጉልበቱን አፍስሶበታል። እንደኔ ያለው ባለ ትልልቅ ጥርስ "ይወጣል" ብሎ ነዳጅ ረግጦ ሲቆፍረው ቦዩ እስከ መስከረም አይደፈንም፤ መስከረም ሲደርቅ ደግሞ እንደ ሸክላ ይጋገራል። እኔ በበሬ ወጥቼ ወደ ከተማ ተመለስሁ። ቦዩ እዚያው ቀረ። በዚያ ሰሞን በዚያ መንገድ ወላድ ይዞ የመጣ አምቡላንስ ካለ፣ የእኔን ጎማ ጥርስ ያገኘው በሌላ መልኩ ነው። "ኃይለኛ ጎማ አለኝ" የሚል ሰው ስሰማ የምናደደው ለዚህ ነው።

አሁን የፋብሪካውን ልክ፣ ጥርሱ መካከለኛ፣ አራቱም አንድ ዓይነት የሆነ፣ ሁለት ዓመት ያልሞላው ጎማ አስሬያለሁ። ኋላ ላይ አካፋና ሰንሰለት አለ። ሰዎች ሲያዩት "ምነው፣ ለከተማ ነው እንዴ?" ይሉኛል፤ መልስ መስጠት ትቻለሁ።

አሮጌዎቹን ሞጣ ላለ አንድ ጎሚስታ በነጻ ነው የተውሁለት። ቁጥሩን አሳይቼ፣ ዓመቱን በእኛ ቆጥሬ፣ "ለበረባሶ ካልሆነ ለሌላ አይሆንም" አልሁት። "እሺ ጋሼ" አለኝ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሳልፍ ደጁ ላይ፣ ከሁሉም በላይ፣ በናፍጣ ተወልውለው እያብረቀረቁ ተሰቅለዋል። ከሥራቸው አንድ ጎልማሳ ቆሟል፤ ጣቱን በጥርሶቹ መካከል አስገብቶ ራሱን ይነቀንቃል።