መንገደኛን በቆቦ ስለ ማሳደር

እንግዳን ተቀብሎ ማሳደር በአገራችን ከጥንት ጀምሮ የኖረ ክቡር ልማድ ነው፤ «ቤት ለእንግዳ» የሚለውንም ቃል ከአባቶቻችን ወርሰነዋል። ይሁን እንጂ ይኸው ልማድ በዛሬው ዘመን ከፍ ያለ የንግድ ሥራ መሆኑን ብዙዎቻችን ገና በሚገባ አልተረዳነውም። እህልና ከብት ገበያ ፍለጋ ወደ ሩቅ አገር ይጫናሉ፤ እንግዳ ግን ገንዘቡን ይዞ ወደ ደጃችን ይመጣል። አንዲት ሌሊት ባደረ ቁጥርም ከባለሆቴሉ አልፎ ዶሮ ሻጪቱ፣ እንጀራ ጋጋሪዋ፣ ልብስ አጣቢውና ባለባጃጁ ሁሉ ድርሻቸውን ያገኛሉ።

የቆቦ ከተማ ከአዲስ አበባ በደሴና በወልድያ አልፎ ወደ መቀሌ በሚዘልቀው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከወልድያ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ናት። ይህን ያህል የተመቸ ሥፍራ ይዛ ሳለች፣ ብዙው መንገደኛ ምሳውን በልቶ፣ ቡናውን ጠጥቶ ለአዳር ወደ ሌላ ከተማ ይገሠግሣል። ምሳ የሚያስገኘው ትርፍ ከአዳር ትርፍ ጋር የሚመዛዘን አለመሆኑን ለነጋዴ ማስረዳት አያስፈልግም።

የሚታይ ነገር ስለ ጠፋ ነው እንዳይባል፣ የራያ ቆላ ለጎብኚ የሚያሳየው አላጣም። በምሥራቅ የዞብል ተራራ ቆሞ ይታያል፤ ሜዳው በማሽላና በጤፍ የታወቀ ነው። ከነሐሴ 16 ቀን ጀምሮ ልጃገረዶች የሶለልን ጨዋታ ሲጫወቱ ማየት ብቻውን ሰውን ከሩቅ የሚያስመጣ ነው። ወደ ሰሜን ለሚሄድም አላማጣን አልፎ የግራካሶ ዳገትና የአሸንጌ ሐይቅ ይገኛሉ። በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናትም በዚሁ በሰሜን ወሎ ውስጥ ናቸው።

«ሰላም ሳይኖር ስለ ሆቴል ማውራት ምን ይረባል?» የሚሉን ይኖራሉ። አነጋገራቸው እውነት አለበት። ቆቦ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ክፉኛ ተጎድታለች፤ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት ከተፈረመም በኋላ በክልሉ ሌላ ግጭት ተነሥቶ የጎብኚውን እግር አሳጥሮታል። ሰላም የንግድ ሁሉ መሠረት ስለ ሆነ በእርሱ ምትክ የምናቀርበው ዕቃ የለንም። ነገር ግን የሆቴል የመጀመሪያ ደንበኛ የባሕር ማዶ ሰው ብቻ ነው ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። ሾፌሩ፣ እህል ነጋዴው፣ የመንግሥት ሠራተኛው፣ ለንግሥ የሚጓዘው ምእመንና ዘመድ ሊጠይቅ የመጣው ሰው ሁሉ እንግዳ ነው። እነዚህን በሚገባ ማስተናገድ ያልለመደ ቤት፣ ነገ የሩቁ ጎብኚ ቢመጣ በአንድ ቀን ሊሠለጥን አይችልም።

ይህ ጸሐፊ በአንድ ወቅት በአውራ ጎዳናው ዳር በሚገኝ፣ ስሙን መጥራት በማያስፈልገን ሆቴል አድሮ ነበር። ሕንጻው ባለ ፎቅ፣ መስተዋቱም የሚያብረቀርቅ ነው፤ ዳሩ ግን ከቧንቧው ውሃ አልወረደም። ዋጋውም ማታ አንድ፣ ጧት ሌላ ሆነ። አስተናጋጁ ልጅ ትሑት ስለ ነበረ ልንቈጣው አልቻልንም፤ ጥፋቱ የእርሱ አልነበረምና። ይሁን እንጂ ወደዚያ ቤት ዳግመኛ አልተመለስንም።

በቆቦና በጊራና ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ በጥልቅ ጉድጓድ እየወጣ እርሻ ያጠጣል። ውሃ ከእግራችን በታች ሳለ እንግዳ ፊቱን ሳይታጠብ ቢሄድ ይህ የተፈጥሮ ሳይሆን የእኛ ጉድለት ይሆናል። ስለዚህ ባለሀብቶቻችን ተጨማሪ ፎቅ በብድር ከመሥራታቸው በፊት ሦስት ነገሮችን ቢያስቀድሙ እንመክራለን። አንደኛ፣ በቂ የውሃ ማጠራቀሚያና ንጹሕ መኝታ፤ ሁለተኛ፣ ለአገር ልጅም ለባዕድም በግልጽ ተጽፎ በበሩ ላይ የሚለጠፍ ዋጋ፤ ሦስተኛ፣ የአገሩን የማሽላ እንጀራና የፍየል ጥብስ ሳያፍሩ በክብር ማቅረብ ናቸው። ከሩቅ የመጣ ሰው በከተማው የለመደውን ምግብ ፍለጋ ወደ ራያ አይወርድም።

ይህን አንድ ሰው ብቻውን ሊፈጽመው ያስቸግረዋል፤ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ነውና። የከተማው ባለሆቴሎች በማኅበር ተሰባስበው አስተናጋጆቻቸውን በጋራ ቢያሠለጥኑ፣ ማዘጋጃ ቤቱም ስለ ውሃ መስመር ቢያስብበት፣ ባንኮችም ለአነስተኛ እድሳት ብድር ቢፈቅዱ፣ ወጪው ከአንድ ፎቅ ቤት ዋጋ እጅግ ያነሰ ይሆናል። የንግድ ምክር ቤትም እነዚህን ወገኖች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ለማገናኘት ተገቢው ሥፍራ ነው።

መንገዱ በቆቦ ማለፉን አይተውም። መንገደኛው ግን ያልፋል ወይስ ያድራል? የዚህ መልስ በእኛው በነጋዴዎቹ እጅ ነው።