ባልዲው ይፈለጋል፣ ቀለሙ ይደፋል

ጁባ ውስጥ ባዶ የቀለም ባልዲ ፈላጊ አያጣም። ያ 20 ሊትር የሚይዘው ፕላስቲክ ውሃ ይቀዳበታል፣ ልብስ ይዘፈዘፍበታል፤ አንዳንድ ምግብ ቤት ውስጥ ሽንኩርት ሲቀመጥበትም አይቻለሁ። እኔን የሚያንገበግበኝ ባልዲው ባዶ የሚሆንበት መንገድ ነው። የቅብ ሥራው ሲያልቅ ከሥር የቀረው ቀለም ከአጥር ጀርባ ይደፋል፣ ባልዲው ታጥቦ ይወሰዳል። ዝናቡ ሲጀምር ያ የተደፋው ቀለም በየቦዩ አድርጎ ወደ ነጭ ዓባይ ይወርዳል። በቦቴ እየተቀዳ ለየሰፈሩ የሚሸጠው ውሃም ከዚሁ ወንዝ የሚሳብ ነው።

ደቡብ ሱዳን ሐምሌ 2003 ዓ.ም. ነጻነቷን ካወጀች ወዲህ በዚህች ከተማ ሆቴልና ምግብ ቤት ከከፈቱት፣ ግንባታም ከያዙት መካከል ኢትዮጵያውያን ብዙዎች ነን። ስለዚህ ጉዳዩ የእኛም ነው። አብዛኛው ቀለም የሚመጣው ከኡጋንዳና ከኬንያ በጭነት መኪና ነው። ኒሙሌ ድንበር ላይ ቀረጥ ተከፍሎበት፣ እስከ ጁባ ያለውን 192 ኪሎ ሜትር ተጉዞ እዚህ ሲደርስ ዋጋው ሌላ ሆኗል። የደቡብ ሱዳን ፓውንድ ምንዛሪ ታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ደግሞ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ወገብ የሚያጎብጥ ሆኗል። ይህን ያህል ተከፍሎበት የገባ ቀለም መሬት ላይ ሲፈስ ዝም ብሎ ማየት ይከብደኛል።

ሌሎች አገሮች መላ አበጅተውለታል። የአሜሪካዋ ኦሪገን ግዛት እ.አ.አ. በ2009 ባወጣችው ሕግ ቀለም የሚገዛ ሰው በየጣሳው ላይ አነስተኛ ክፍያ ይጨምራል፤ በዚያ ገንዘብ ትርፍራፊው እየተሰበሰበ እንደገና ይዘጋጃል። በእንግሊዝ ኮሚዩኒቲ ሪፔይንት የተባለው መረብ የተረፈውን ሰብስቦ ለበጎ አድራጎት ድርጅቶችና አቅም ለሌላቸው ቤተሰቦች ያደርሳል። እኛስ ብንሆን ቆራሌውን፣ የመርካቶውን ምናለሽ ተራን የምናውቅ ሰዎች አይደለን? ጠርሙሱንና ብረቱን ሳናባክን ቀለሙን ማባከናችን ልክ አይደለም።

የተረፈውን ቀለም እንደገና ማዘጋጀት ትልቅ ማሽን አይጠይቅም፤ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል። ለዚህ የሚሆነው የውሃ ቀለም ብቻ ነው። ክዳኑ ሲከፈት ከላይ ደርቆ የተጋገረ ቆዳ ካለ ዳር ዳሩን በቢላ ቆርጦ ማንሳት፣ ከዚያ በእንጨት ከሥር ጀምሮ ማማሰል ነው። እየለሰለሰ አንድ ወጥ ከሆነ ደህና ነው። እንደ አይብ ከተቆራረጠ ወይም የብስባሽ ሽታ ካለው ግን አልቆለታል። በጁባ ሙቀት ቆርቆሮ ኮንቴይነር ውስጥ ከርሞ የተረፈ ቀለም ብዙ ጊዜ እንዲህ ሆኖ ይገኛል፤ ጥላ ያለበት ቦታ ክዳኑን ግጥም አድርጎ ማስቀመጥ የሚበጀው ለዚህ ነው። ደህናው በወንፊት ተጣርቶ የውስጥ ቀለም ከውስጥ ቀለም፣ የውጭው ከውጭው ጋር ይደባለቃል። የሚወጣው መልክ ብዙውን ጊዜ ወደ ግራጫ ወይም ወደ ክሬም ያደላል፤ ነጭ ሲበዛበት ያምራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ለአንድ ሥራ የሚበቃው ሁሉ በአንድ ጊዜ፣ በአንድ በርሜል መደባለቅ አለበት። ግድግዳው ሳያልቅ ቀለሙ ካለቀ ያንኑ መልክ ደግሞ ማግኘት አይቻልም። አንድ ሊትር ቀለም ለአንድ እጅ ቅብ 10 ካሬ ሜትር ገደማ ይሸፍናል፤ ግድግዳውን ለክቶ መነሳት ነው። መጀመሪያ ጥግ ላይ ቀብቶ፣ አድርቆ፣ በእጅ ፈግፍጎ ማየትም ያስፈልጋል። ለመጋዘን፣ ለሠራተኛ ማደሪያ፣ ለአጥር ውስጠኛ ገጽ፣ ለመጀመሪያ እጅ ቅብ ይህ ቀለም በደንብ ይበቃል። የሆቴሉን ፊት የመጨረሻ እጅ በአዲስ መቀባት የሚፈልግ ይቀባ፤ አልከራከረውም።

የዘይት ቀለም ግን ከዚህ ሁሉ ውጭ ይሁን። ምልክቱ የተፋቀ፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ አሮጌ ጣሳም እንዲሁ። በእነዚህ ውስጥ እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ሊኖር ይችላል፤ አንዲት ጣሳ በርሜሉን በሙሉ ትበክላለች። እርሳስ የልጆችን አእምሮ ይጎዳል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ጉዳት የማያደርስ መጠን የለውም ይላል። ኢትዮጵያ እ.አ.አ. በ2018 ባወጣችው ደንብ በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ ከልክላለች። የተረፈ ቀለም ለትምህርት ቤት መስጠት የተለመደ በጎ ሥራ ነው፤ እኔም እወደዋለሁ። ነገር ግን ሕፃናት ግድግዳ ይነካሉ፣ የተላጠውን ቅርፊት ወደ አፋቸው ይወስዳሉ። ለትምህርት ቤት የሚሰጠው ማን እንዳመረተው፣ መቼ እንደተመረተ፣ እርሳስ እንደሌለበት በጣሳው ላይ የሚነበብ ብቻ መሆን አለበት። ሌላው ቢሰጥም ትምህርት ቤቶቹ አይቀበሉ።

የጁባ ባለሆቴሎችና ተቋራጮች፣ የሚቀጥለውን የቅብ ውል ስትፈራረሙ አንድ መስመር ጨምሩበት፦ የተረፈ ቀለም አይደፋም፤ ክዳኑ ተዘግቶ፣ ዓይነቱና የተከፈተበት ቀን ተጽፎበት ለባለቤቱ ይመለሳል። ኮንዮ ኮንዮ ወይም ጉዴሌ አካባቢ መጋዘን ያላችሁ ነጋዴዎች ደግሞ አንድ ጥግ ለዚህ ሥራ ስጡና መሰብሰብ ጀምሩ።