እርስ በርሳችን እንሰማማ

ከእሑድ አምልኮ ስንወጣ ብዙ ጊዜ «ዛሬ ዝማሬው እንዴት ነበር?» እንባባላለን። ጥያቄው ክፋት የለውም፤ ነገር ግን ሳናውቀው ከአምላኪነት ወደ ተመልካችነት መንሸራተታችንን ይጠቁማል።

ሐዋርያው ጳውሎስ በኤፌሶን 5፥19 እና በቆላስይስ 3፥16 ስለ ዝማሬ ሲጽፍ ሁለት አቅጣጫ ያሳየናል። ዝማሬ ለጌታ ይቀርባል፤ ደግሞም ቅዱሳን እርስ በርሳቸው ይነጋገሩበታል፣ ይማማሩበታል። እንግዲህ የድምፅ ማጉያው የአጠገቤን ወንድም ድምፅ ከዋጠው እርስ በርስ የሚለው ነገር የት ይገኛል?

በዚህ ሳምንት እናቷን ቀብራ የመጣች እህት ለመዘመር አፏ እንቢ ሊላት ይችላል። በዙሪያዋ ያሉት ሲዘምሩ ግን እምነታቸው ይደግፋታል። ጉባኤ የሚያስፈልገን ለዚህ ነው። መዝሙር ማዳመጥማ በስልካችንም እንችላለን።

በደርግ ዘመን ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ሲዘጉ ምእመናን በየቤቱ በጥቂት በጥቂቱ እየተሰበሰቡ፣ ጎረቤት እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያመልኩ ነበር። መድረክ ባይኖርም አምልኮው አልቆመም፤ ዘማሪው ሁሉም ነበርና።

ኪቦርዱም ኳየሩም የጌታ ስጦታዎች ናቸው፤ ይቅሩ አልልም። ሥራቸው ግን ጉባኤው እንዲዘምር መርዳት እንጂ በጉባኤው ፈንታ መዘመር አይደለም። የአምልኮ መሪዎች ሆይ፣ ቢያንስ በአንዱ መዝሙር መሣሪያውን ዝም አሰኙና ሕዝቡ በራሱ ድምፅ ይዘምር። አንተም ወንድሜ፣ አንቺም እህቴ፣ «ድምፄ አያምርም» አትበሉ። አጠገባችሁ የቆመው ሰው ዛሬ ያንኑ ድምፅ ይፈልገው ይሆናል።

ጌታ ይባርካችሁ።