ለአሮጌ አውቶሞቢል የማርሽ ምጣኔ

ከአባት የተወረሰውን አሮጌ አውቶሞቢል አድሶ፥ ቤተሰብን ይዞ ሩቅ መንገድ መሄድ ደስ ያሰኛል። ነገር ግን ሞተሩ ለዛሬው ጎዳና ፍጥነት ታስቦ አልተሠራምና ማርሹን መመጠን ያስፈልጋል።

በአሜሪካ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1928 ዓ.ም. የተሠራውን ሞዴል ኤ ፎርድ እንመልከት። የኋላ ዲፈረንሲያሉ ምጣኔ በብዛት 3.78 ነው፤ ይኸውም በመጨረሻው፥ በሦስተኛው ማርሽ ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር ሞተሩ 3.78 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። እንግዲህ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ሞተሩ በደቂቃ 2200 ጊዜ ያህል ይዞራል። ይህም 40 የፈረስ ጉልበቱን የሚያወጣበት የዙር ልክ ስለ ሆነ፥ ቀኑን ሙሉ እንዲህ ቢነዱት ቶሎ ያረጃል።

ከካምቢዮው ጋራ ምጣኔው 0.75 የሆነ ተጨማሪ ማርሽ ቢገጠምለት ዙሩ ወደ 1650 ይወርዳል። ዳሩ ግን ዲፈረንሲያሉም በ3.27 ቢለወጥ፥ የሁለቱ ብዜት 2.45 ብቻ ይሆንና ሞተሩ ጥቂት ዳገት ወይም ነፋስ ሲገጥመው ያቃስታል፤ የተጨመረውም ማርሽ ሥራ ፈት ይሆናል።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፥ አስቀድሞ አባዝቶ ከሁለቱ አንዱን ብቻ መለወጥ ብልህነት ነው። ፍሬኑም በብረት ዘንግ የሚሳብ የጥንቱ ነውና፥ ማርሹን መለወጥ ሞተሩን ለማሳረፍ እንጂ ለመሽቀዳደም አይሁን፤ ከኋላ የተቀመጡት ልጆች ናቸውና።