የነጭ ሽንኩርት ውድነት በደሴና በኮምቦልቻ፤ ከደላላው በፊት ዘሩ

ነጭ ሽንኩርት በተወደደ ቁጥር ጣት የሚቀሰረው በደላላው ላይ ነው፡፡ ደላላው ከገበሬው በርካሽ ገዝቶ በውድ ይሸጣል፣ ነጋዴው ያከማቻል፣ ነዳጅ ጨምሯል፣ መንገድ ተዘግቷል ይባላል፡፡ ሁሉም የየራሱ እውነት አለው፡፡ ባለፉት ጥቂት ዓመታት የአንድ ኪሎ ነጭ ሽንኩርት ዋጋ በመቶዎች ብር መጠራት ከጀመረ ወዲህ፣ በደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈርም ሆነ በኮምቦልቻ ያለች የቤት እመቤት በኪሎ መግዛቱን ትታ ራሱን ቆጥራ ብትገዛ የሚፈረድባት አይደለም፡፡ ለበርበሬ ድለዛ፣ ለሽሮ፣ ለዶሮ ወጥ፣ ለጾም ወጥ፣ ለረመዳን ሾርባ፣ ሲከፋም ለጉንፋን የሚፈለግ ነገር በመሆኑ ተወደደ ተብሎ የሚተው አይደለም፡፡

ይሁን እንጂ ጉዳዩን በጥሞና ለተመለከተው፣ ደላላው የሚገባው ሰንሰለቱ ከተጀመረ በኋላ ነው፡፡ ችግሩ የሚጀምረው ገና ማሳው ላይ፣ ያውም ከተከላ በፊት፣ ዘሩ ላይ ነው፡፡ ደሴና ኮምቦልቻ ደግሞ ለዚህ ችግር መፍትሔ የሚሆን ነገር ተፈጥሮ ጎን ለጎን ያስቀመጠችላቸው ከተሞች ናቸው፡፡

ዘሩ የሚበላ ሰብል

ነጭ ሽንኩርት እንደ ቀይ ሽንኩርት ጥቃቅን ዘሩ ተበትኖ አይበቅልም፡፡ የሚተከለው ለወጥ የምንልጠው ፍንካች ራሱ ነው፡፡ በመስመሮች መካከል 30 ሳንቲ ሜትር፣ በተክሎች መካከል 10 ሳንቲ ሜትር ተራርቆ ቢተከል በ1 ሄክታር ላይ 330 ሺህ ያህል ፍንካች ያስፈልጋል፡፡ የአንዱ ክብደት ከ2 እስከ 3 ግራም ቢሆን ከ7 እስከ 10 ኩንታል ዘር ማለት ነው፡፡ ለዚያው መሬት ቀይ ሽንኩርት የሚፈልገው 4 ኪሎ ግራም ገደማ ዘር ብቻ ነው፡፡

ከዚህ ቀላል ሒሳብ ብዙ ነገር ይከተላል፡፡ የነጭ ሽንኩርት ገበሬ በየዓመቱ ለዘር የሚያስቀረው ምርት ሊሸጠው የሚችለው ምርት ነው፡፡ ዋጋው ሲንር ለዘር ያሰበውን ለገበያ ለማውጣት ይገፋፋል፡፡ ከሸጠም አስቀድሞ የሚሸጠው ትልልቁን ራስ ነው፡፡ ለተከላ የሚቀረው ትንንሹ ፍንካች ይሆናል፡፡ ትንሽ ፍንካች ደግሞ ትንሽ ራስ ያፈራል፡፡ የዘንድሮው ውድነት የሚመጣውን ዓመት ምርት ይበላል ማለት ነው፡፡

በዚያ ላይ ሰብሉ ከራሱ አካል እየተቆረሰ ስለሚራባ በአንድ ወቅት የገባበት ቫይረስ ከትውልድ ወደ ትውልድ አብሮት ይተላለፋል፡፡ ገበሬው «ዘሩ ደከመ» ሲል የሚገልጸው አንድም ይህንን ነው፡፡ የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል ቢሾፍቱ ነጭ፣ ጸደይ 92 እና ኩሪፍቱን የመሳሰሉ የተሻሻሉ ዝርያዎችን አውጥቷል፡፡ ዝርያ ማውጣትና ዘሩን አባዝቶ ገበሬው ደጅ ማድረስ ግን የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፡፡ አንዱ ራስ 10 ጥሩ ፍንካች ቢኖረው እንኳ በአንድ ወቅት ከ10 እጥፍ በላይ የማይባዛ፣ ለ1 ሄክታር 10 ኩንታል የሚጫን ዘር ለመነገድ የሚቸኩል የዘር ድርጅት አይኖርም፡፡

650 ሜትር የሚለያቸው ሁለት ከተሞች

ከደሴ ተነስቶ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ወርዶ ኮምቦልቻ የሚደርስ ሰው በ25 ኪሎ ሜትር ጉዞ ውስጥ ኮቱን ማውለቅ ግድ ይለዋል፡፡ ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው፡፡ በየ100 ሜትሩ ከፍታ የአየሩ ሙቀት በአማካይ 0.6 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ያህል ስለሚቀንስ በሁለቱ ከተሞች መካከል 4 ዲግሪ ያህል ልዩነት አለ፡፡

ለነጭ ሽንኩርት 4 ዲግሪ ትልቅ ነገር ነው፡፡ ተክሉ ከመካከለኛው እስያ ብርዳማ ምድር የመነጨ በመሆኑ ራስ ለመቋጠር ሁለት ምልክቶችን ይጠብቃል፡፡ አንደኛው ከ10 ዲግሪ በታች የሆነ ብርድ ለሳምንታት ማግኘት ነው፡፡ ሁለተኛው የቀኑ መርዘም ነው፡፡ ከዓለም የነጭ ሽንኩርት ምርት ሦስት አራተኛ ያህሉን በምታመርተው ቻይና፣ የዋነኛው አምራች የሻንዶንግ ክፍለ ሀገር ተክል ክረምቱን በብርድ ያሳልፍና ቀኑ ከ14 ሰዓት በላይ ወደሚሆንበት በጋ ይገባል፡፡ በወሎ ግን ረጅሙ ቀን እንኳ 13 ሰዓት አይሞላም፡፡ በዓመቱ ረጅምና አጭር ቀን መካከል ያለው ልዩነትም 1 ሰዓት ተኩል አይደርስም፡፡ ስለዚህ ከሰሜኑ ዓለም የመጣ ትልልቅ ፍንካች ያለው ዝርያ እዚህ ቢተከል ቅጠሉ አምሮ ራሱ ሳይቋጠር ሊቀር ይችላል፡፡ ለሀገሬው የቀን ርዝመት የተላመዱት የሀገር ውስጥ ዝርያዎች ናቸው፡፡ ለእነርሱም ቢሆን የሚቀረው ምልክት ብርዱ ነው፡፡

ብርዱን ያላገኘ ፍንካች ምን እንደሚሆን በሞቃት አካባቢ የሞከረ ሁሉ ያውቀዋል፡፡ ይበቅላል፣ ያድጋል፣ ሲነቀል ግን ፍንካቹ ያልተከፋፈለ፣ እንደ ትንሽ ቀይ ሽንኩርት ያለ አንድ ወጥ ድቡልቡል ይወጣል፡፡ «ኮምቦልቻ ለነጭ ሽንኩርት አይሆንም» የሚያሰኘውም እንዲህ ያለው ውጤት ነው፡፡

ብርዱን ከየት ማምጣት ይቻላል?

ይህ ጥያቄ በሌላው ዓለም መልስ ካገኘ ቆይቷል፡፡ ግብፆች ነጭ ሽንኩርትን ከፈርዖኖች ዘመን ጀምሮ ያውቁታል፤ ዛሬም በመስከረምና በጥቅምት ተክለው ቀዝቃዛውን ወቅት ተጠቅመው ሙቀቱ ሳይበረታ ያነሡታል፡፡ የብራዚል ተሞክሮ ደግሞ ለእኛ የበለጠ ይቀርባል፡፡ ከምድር ወገብ ብዙም በማይርቁት የሚናስ ዤራይስና የጎያስ ደጋማ ሜዳዎች፣ አምራቾች ዘሩን ከመትከላቸው በፊት ከ3 እስከ 5 ዲግሪ በሆነ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ለ50 ቀናት ያህል ያቆዩታል፡፡ ማሳው ያላገኘውን ብርድ ዘሩ ቀድሞ እንዲያገኝ ያደርጉታል ማለት ነው፡፡ ኤምብራፓ የተባለው የመንግሥት የግብርና ምርምር ተቋም በበኩሉ በላብራቶሪ ከቫይረስ የጸዳ ዘር አዘጋጅቶ ለአምራቾች እንዲዳረስ አድርጓል፡፡

ደሴ ከፍታ ላይ ስለሆነች ዘሩን በቤት ጓዳ ማስቀመጥ ይበቃል ብሎ የሚያስብ ሊኖር ይችላል፡፡ በነሐሴና በመስከረም የደሴ ጓዳ ቀዝቀዝ ያለ ቢሆንም ለሳምንታት ከ10 ዲግሪ በታች አይውልም፡፡ ለጋምቦን የመሳሰሉ ከ3,000 ሜትር በላይ የሚወጡ የደቡብ ወሎ ደጋዎች ለዚህ የተሻሉ ናቸው፡፡ አስተማማኙ ግን አነስተኛ ቀዝቃዛ ክፍል ነው፡፡ የሚያስፈልገውም በዓመት ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው፡፡ ብርዱም ልክ አለው፤ ከመጠን በላይ የቆየ ዘር ቶሎ ይደርስና ትንሽ፣ ቅርጹ የተበላሸ ራስ ይሰጣል፡፡

የጊዜ ሰሌዳውም ቢሆን የማይገጥም አይደለም፡፡ በደጋው በበልግ የተመረተ ነጭ ሽንኩርት በግንቦት መጨረሻና በሰኔ ይነሣል፡፡ ሁለት ወር ያህል አርፎ ከነሐሴ አጋማሽ ጀምሮ ለ6 ሳምንታት ያህል ብርድ ካገኘ በኋላ በጥቅምት መጀመሪያ ኮምቦልቻ ላይ በመስኖ ሊተከል ይችላል፡፡ ከኅዳር እስከ ጥር ያለው የኮምቦልቻ ሌሊት ቀዝቃዛ ነው፡፡ መደቡን ከፍ አድርጎ፣ መሬቱን በገለባ ጎዝጉዞ፣ ራስ መቋጠር ከጀመረ በኋላ ዩሪያ ከመጨመር ተቆጥቦ፣ ከመነቀሉ ከ2 እስከ 3 ሳምንት በፊት ውሃውን ያቋረጠ ገበሬ በየካቲት መጨረሻ፣ ሙቀቱ ሳይጠነክር፣ ምርቱን ሊያነሣ ይችላል፡፡ በሰኔ የተተከለው የደጋ ነጭ ሽንኩርት ለገበያ የሚደርሰው በጥቅምትና በኅዳር በመሆኑ የኮምቦልቻው የሚደርሰው የዚያ ክምችት በሚመናመንበት ጊዜ ነው፡፡

ከዘሩ ጋር የሚጓዘው በሽታ

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል፡፡ ከደጋ ወደ ወይና ደጋ ዘር ማውረድ ማለት በሽታንም ማውረድ ሊሆን ይችላል፡፡ የነጭ ሽንኩርት ዋነኛ ጠላት የሆነው ነጭ አበስብስ የሚባለው የፈንገስ በሽታ በሀገራችን ደጋማ አምራች አካባቢዎች የታወቀ ነው፡፡ ፈንገሱ እንደ ጥቃቅን ጥቁር ፍሬ ሆኖ አፈር ውስጥ ይደበቃል፡፡ ነጭ ሽንኩርት ባይተከልበት እንኳ 20 ዓመትና ከዚያ በላይ ሊቆይ ይችላል፡፡ ሽንኩርቱ ሲተከል ከሥሩ የሚወጣው ያ የምናውቀው ሽታ ይቀሰቅሰዋል፡፡ አንድ ጊዜ የተበከለ ማሳ ለአንድ ትውልድ ከነጭ ሽንኩርት ተፋታ ማለት ይቻላል፡፡

ፈንገሱ ከ24 ዲግሪ በላይ በሆነ አፈር ውስጥ ስለሚዳከም ሞቃት አካባቢ በመጠኑ ይጠበቃል፡፡ ይህ ግን ለኮምቦልቻ ሙሉ ዋስትና አይሆንም፡፡ ነጭ ሽንኩርቱ የሚፈልጋቸው ቀዝቃዛ ወራት ለፈንገሱም የሚመቹ ናቸውና፡፡ ንጹሑን ማሳ ንጹሕ አድርጎ ማቆየት የሚቻለው ዘሩ ሳይመረመር እንዳይወርድ በማድረግ ብቻ ነው፡፡ ከገበያ የተገዛ ነጭ ሽንኩርት ፈልፍሎ መትከል በዓይን ሲታይ ርካሽ ነው፤ ዋጋው የሚከፈለው ከዓመታት በኋላ ነው፡፡

የመስኖው ውሃም ሌላ ጥንቃቄ ይሻል፡፡ ከኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ፍሳሽ የሚቀበሉት የለዮሌና የወርቃ ወንዞች ወደ ቦርከና ይገባሉ፡፡ በወንዞቹ ላይ የተካሄዱ ጥናቶች ክሮሚየምን የመሳሰሉ ከባድ ብረቶች መኖራቸውን አሳይተዋል፡፡ ከአፈር ውስጥ ተነቅሎ የሚበላ ሰብል በየትኛው ውሃ እንደሚጠጣ ሳይጠየቅ መስኖ ማስፋፋት ትርፉ ምን እንደሚሆን ግልጽ ነው፡፡

ምን ይደረግ?

በጥቅምትና በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ባዳረሰበት ጊዜ፣ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህም በክልሉ በተከሰተው ግጭት መንገዶች ሲዘጉ፣ ከሩቅ በሚመጣ ሸቀጥ ላይ የተንጠለጠለ ከተማ ምን እንደሚገጥመው ነዋሪው በራሱ ኑሮ አይቶታል፡፡ በ25 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ ዘሩ ከላይ ተመርቶ፣ ሰብሉ ከታች ለምቶ፣ ሁለቱ ከተሞች የሚበሉት ነጭ ሽንኩርት ቢኖር ከዋጋ ማረጋጊያነት ያለፈ ጥቅም አለው፡፡

ለዚህ የሚያስፈልገው ግዙፍ ፕሮጀክት አይደለም፡፡ አንደኛ፣ ከበሽታ ነፃ መሆኑ በተረጋገጠ የደጋ መሬት ላይ ዘር ብቻ የሚያመርቱ ገበሬዎችን ማደራጀት ነው፡፡ ሁለተኛ፣ ለዘር ማቆያ የሚሆን አንድ ቀዝቃዛ ክፍል በማኅበር ማቋቋም ነው፡፡ ሦስተኛ፣ በሁለቱም ወሎዎች የሚሠራው የስሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከልና የወሎ ዩኒቨርሲቲ የትኛው ዝርያ፣ ስንት ሳምንት ብርድ አግኝቶ፣ በየትኛው ቀን ቢተከል ኮምቦልቻ ላይ እንደሚያዋጣ በገበሬው ማሳ ላይ እንዲፈትሹ ማድረግ ነው፡፡ በሆለታና በመልካሳ የምርምር ማዕከላት ያለው የቲሹ ካልቸር አቅም ደግሞ ዘሩን ከቫይረስ ለማጽዳት ሊውል ይችላል፡፡ በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ያነቃቃው የከተማ ግብርናም፣ በጓሮው ነጭ ሽንኩርት ለመትከል ለሚያስብ የከተማ ነዋሪ ከመደቡ አስቀድሞ የተመረመረ ዘር ቢያቀርብለት ይጠቅመዋል፡፡

ከሁሉም በላይ ግን ዘር አምራቹ ገበሬ፣ ዋጋ በናረበት ዓመት ዘሩን ለወጥ ከመሸጥ ይልቅ ለዘር ቢያስቀምጠው የተሻለ እንደሚያገኝ የሚያረጋግጥ ውል ሊኖረው ይገባል፡፡ ያለዚያ ማንም ሊወቅሰው አይችልም፡፡ ልጆቹን የሚያስተምረው በዚያው ምርት ነው፡፡ ደላላውን መቆጣጠር የንግድ ቢሮው ሥራ ነው፤ ይሠራው፡፡ ሆኖም በግንቦትና በሰኔ ለዘር መቅረት የነበረበት ነጭ ሽንኩርት ለሰኞ ገበያ ከወጣ፣ በየካቲት የሚቆጣጠሩት ምርት አይኖርም፡፡