ሜዳ ከተማ፣ አቀበት ድረ ገጽ

ሐዋሳን የሚያውቅ ሰው መጀመሪያ የሚያነሳው ሜዳነቷን ነው። መንገዷ ሰፊና ቀጥ ያለ ነው፤ ከመሃል ከተማ ተነስቶ ሐይቁ ዳር እስኪደርስ ድረስ ወገብ የሚያጎብጥ ዳገት የለም። ብስክሌት የበዛባትም ለዚሁ ነው። በዊልቸር ወይም በነጭ በትር ለሚንቀሳቀስ ሰው፣ የተከፈተው ቦይና የተነቀለው ድንጋይ ጣጣ እንዳለ ሆኖ፣ ከአዲስ አበባ አቀበትና ቁልቁለት ጋር ስትነጻጸር ተፈጥሮ ያደላት ከተማ ናት።

አቀበቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ቢሮው፣ ኮሌጁ፣ ሆቴሉ «አገልግሎታችንን ዲጂታል አድርገናል» ብሎ ሪባን ከቆረጠ በኋላ የሚከፍተው ድረ ገጽ፣ አብዛኛውን ጊዜ ማየት ለማይችል ወይም እጁ ማውዝ ለማይጨብጥ ሰው በር የሌለው ሕንፃ ነው። ችግሩ ደግሞ ከውስጥ አይጀምርም። ከደጃፉ ነው የሚጀምረው፤ ከላይ ከተደረደረው ሜኑ።

ከሻሸመኔ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተምሮ ለኮሌጅ ሐዋሳ የመጣ አንድ ወጣት እናስብ። ላፕቶፑ ላይ ኤንቪዲኤ የሚባለው ስክሪን ሪደር ተጭኗል። ኤንቪዲኤ እ.ኤ.አ. በ2006 ሁለት ዓይነ ስውር አውስትራሊያውያን የጀመሩት፣ በነፃ የሚታደል፣ ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም ነው። ልጁ ማውዝ አይነካም። ታብ የሚለውን ቁልፍ እየተጫነ ከአንዱ ሊንክ ወደ ሌላው ይሄዳል። «መነሻ ገጽ» ይለዋል። «ስለ እኛ» ይለዋል። «የተማሪዎች አገልግሎት» ይለዋል። ከዚያ በኋላ ዘሎ ወደ ፌስቡክ ሊንክ ይሄዳል። «ምዝገባ» የሚለው የታለ? ምዝገባማ «የተማሪዎች አገልግሎት» ሥር ተደብቋል፤ የሚወርደው የማውዝ ቀስት ሲያንዣብብበት ብቻ ነው። ለዚህ ልጅ ምዝገባ የሚባል ነገር ድረ ገጹ ላይ የለም። ቢጠይቅ ደግሞ መልሱ ዝግጁ ነው፦ «ዌብሳይታችን ላይ አለልህ!»

ታዲያ ምን ያደርጋል? የዶርም ጓደኛውን ይጠራል። ጓደኛው ይከፍትለታል፤ የይለፍ ቃሉን ይጠይቀዋል፤ ውጤቱን ከባለቤቱ ቀድሞ ያያል፤ የፋይዳ ቁጥሩን፣ የባንክ ሒሳቡን ያስገባለታል። ጓደኛው ደግ ሰው ሊሆን ይችላል። ግን የሃያ ዓመት ወጣት ምስጢሩን በሙሉ ለሌላ ሰው አስረክቦ ካልሆነ በቀር ከመንግሥት ወይም ከትምህርት ቤቱ ጋር መነጋገር ካልቻለ፣ «ዲጂታል» የተባለው ነገር ከድሮው የመስኮት ሰልፍ በምን ይሻላል? በድሮው መስኮት ቢያንስ በራሱ አንደበት ይናገር ነበር።

«እንዲህ ያለው ተጠቃሚ ስንት ነው?» የሚል አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2006 በተጠናቀቀው ሀገር አቀፍ ጥናት መሠረት ከኢትዮጵያ ሕዝብ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር፣ 3.7 በመቶው የእይታ ችግር ያለበት ነው። መቶኛው ትንሽ ይመስላል፤ በሕዝቡ ቁጥር ሲባዛ ግን ሚሊዮኖች ይሆናል። በዚህ ላይ እጁ የሚንቀጠቀጥ አዛውንት፣ ክንዱ የተጎዳ ወታደር፣ ማውዙ የተበላሸበት የቢሮ ጸሐፊም ይደመራል። የመጨረሻውን በየመሥሪያ ቤቱ ማግኘት አይከብድም።

የሚገርመው፣ ጥሩ ሜኑ ምን እንደሚመስል ለኢትዮጵያዊ ማስተማር አያስፈልግም። ቴሌብር በ*127# ሲከፈት፣ የንግድ ባንክ በ*889# ሲከፈት የሚመጣው ምንድን ነው? ተራ ጽሑፍ፣ በቁጥር የተደረደረ ዝርዝር። አንድ ይህ፣ ሁለት ያ። ስዕል የለው፣ ጌጥ የለው፣ የሚያንዣብብ ነገር የለው። ስክሪን ሪደር ባለው ስልክ ዓይነ ስውሩ ይሰማዋል፤ ቁጥሩን ይመታል፤ ይሄዳል። ጊዜው ቶሎ ይዘጋል፤ እሱ የራሱ ጣጣ ነው። ነገር ግን መሠረቱ ትክክል ነው፤ ሜኑ ማለት ስምና ቅደም ተከተል ያለው ዝርዝር ማለት ነው።

ድረ ገጽ የሚጻፍበት ኤችቲኤምኤል ይህንኑ ዝርዝር ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። ዝርዝር የሚሠራበት ምልክት አለው፤ ስሙ ዩኤል ነው። ሊንክ የሚሠራበት አለው። የሚጫኑት ነገር የሚሠራበት በተን አለው። ይህን ሁሉ ጠቅልሎ «እዚህ ጋ የገጹ መሄጃ አለ» ብሎ የሚያሳውቅ ናቭ የሚባል አለው። ስክሪን ሪደሩ እነዚህን ሲያገኝ «ማውጫ፣ ስድስት ነገር ያለው ዝርዝር» ብሎ ይናገራል፤ ሰሚው የት እንደገባና ስንት አማራጭ እንዳለው ገና ከደጅ ያውቃል። ቀለሙ፣ ስፋቱ፣ ጎን ለጎን መሆኑ፣ ማማሩ ሁሉ የሲኤስኤስ ሥራ ነው። አጥንቱ በአንዱ፣ ልብሱ በሌላው። እንዲህ ከተሠራ ኔትወርክ ደክሞ ልብሱ ባይመጣ እንኳ አጥንቱ ይቆማል፤ ሐዋሳ ውስጥ ኔትወርክ ደክሞ አያውቅም የሚል ካለ ይምጣ።

በተግባር ግን የሚታየው ምንድን ነው? ሠሪው ሁሉንም ነገር ዲቭ በሚባለው ባዶ ሳጥን ይሠራዋል። ዲቭ ምንም ትርጉም የለውም፤ ካርቶን ነው። ካርቶኑን በተን እንዲመስል ቀለም ይቀባዋል፤ ዓይን ላለው በተን ይመስላል፤ ኪቦርድ ግን አይደርስበትም፤ ስክሪን ሪደሩም ቢበዛ «ክሊከብል» ብሎ ያልፈዋል። ምን እንደሚከፍት አይናገርም። ስልክ ላይ ያለችው ባለ ሦስት መስመር ምልክትም ስም የላትም። ሠሪው ግን «ማውጫ» የምትል አንዲት ቃል ለመጻፍ አሥር ሰከንድ አይፈጅበትም ነበር።

ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ በእጅ የሚሠራ ጥፋት ነው። በኪቦርድ የሚሄድ ሰው የት እንደቆመ የሚያሳየው በሊንኩ ዙሪያ የሚሰመረው መስመር ነው። ማሰሻው በራሱ፣ በነፃ ይሰጠዋል። ብዙ ዲዛይነር ግን «ያስጠላል» ብሎ በአንድ መስመር ሲኤስኤስ ያጠፋዋል። ይህ ማለት ሌሊት መንገድ ላይ የተተከለውን መብራት ውበት አበላሸ ብሎ መንቀል ነው።

ተቆልቋዩ ሜኑ ይቅር የሚል የለም። ይኑር። ግን የሚከፍተው ነገር እውነተኛ በተን ይሁን፤ ሲጫኑት ይከፈት፣ ሲጫኑት ይዘጋ፤ አሪያ ኤክስፓንድድ በምትባለዋ ምልክት «ተከፍቷል፣ ተዘግቷል» ብሎ ይናገር። ገጹ መጀመሪያ ላይ «ወደ ዋናው ይዘት እለፍ» የሚል አንድ ሊንክ ይቀመጥ፤ ዓይነ ስውሩ በየገጹ ሃያ ሊንክ እየሰማ አይሰልች። በቃ፣ ይኸው ነው። አሪያ የሚባሉትን ምልክቶች ያለ እውቀት መዝራትም ፈውስ አይደለም። የድረ ገጽ ሜኑን እንደ ኮምፒውተር ፕሮግራም ሜኑ «ሮል ሜኑ» ብሎ መሰየም ስክሪን ሪደሩን ያሳስተዋል፤ ተጠቃሚው በቀስት ቁልፍ ይሄዳል ብሎ ሲጠብቅ ገጹ ዝም ይለዋል።

ሐዋሳ ላይ አንድ የተለየ ነገር አለ፤ ቋንቋ። የአንድ መሥሪያ ቤት ሜኑ በሲዳሙ አፎ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ሊሆን ይችላል። ኤችቲኤምኤል ለእያንዳንዱ ቃል «ይህ አማርኛ ነው፣ ይህ ሲዳሙ አፎ ነው» ተብሎ እንዲመዘገብለት ቦታ አዘጋጅቷል። ኤንቪዲኤ የሚጠቀምበት ኢስፒክ የተባለው የድምፅ ፕሮግራም አማርኛን ያነባል፤ ድምፁ እንደ ማሽን ቢሆንም ያነባል። ነገር ግን ሠሪው ከውጭ ያመጣውን ቴምፕሌት ሳይነካካ ሲተወው ገጹ ራሱን «እኔ እንግሊዝኛ ነኝ» ብሎ ያስተዋውቃል። ያኔ አማርኛው በእንግሊዝኛ ድምፅ ይሞከራል፤ ወይ ዝም ይላል፣ ወይ ይንተባተባል። ሲዳሙ አፎ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ ደግሞ ሳይዘለል ይነበባል፤ ግን እንደ እንግሊዝኛ! በገዛ ክልሉ ዋና ከተማ የገዛ ቋንቋው እንደ ባዕድ ሲነበብለት መስማት ምን ስሜት እንደሚሰጥ ባለቤቱ ይናገር።

ይህ የበጎ አድራጎት ጉዳይ ነው ብሎ የሚያልፈው ካለ ሕጉን ያንብብ። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረት የጸደቀ ስምምነት የሀገሪቱ ሕግ አካል ነው። የስምምነቱም አንቀጽ 9፣ ቁጥሩ መግጠሙ ነው፣ ስለ ተደራሽነት ይናገራል፤ ሕንፃና መጓጓዣ ብቻ ሳይሆን ኢንተርኔትን በስም ይጠራል። እንዲያውም ቴክኖሎጂው ገና ሲነደፍ ተደራሽ ሆኖ ይሠራ ይላል፤ ምክንያቱንም ያስቀምጣል፤ ወጪው አነስተኛ እንዲሆን። «በጀት የለንም» የሚለው መልስ ስምምነቱ ሲጻፍ ጀምሮ የታወቀ ነበር ማለት ነው።

ይኸው መልስ አንድ ጊዜ ችሎት ፊት ቀርቦ ወድቋል። እ.ኤ.አ. በ2000 ኃይሌ፣ ደራርቱ፣ ሚሊዮንና ገዛኸኝ ወርቅ ይዘውልን የመጡበት የሲድኒ ኦሊምፒክ ድረ ገጽ ነበረው። ብሩስ ማጓየር የተባለ ዓይነ ስውር አውስትራሊያዊ ከውድድሮች መርሐ ግብር ወደ ስፖርቶቹ ማውጫ መሄድ አልቻለም፤ ምስሎቹ ስም የላቸውም፤ የውጤት ሠንጠረዡ አይነበብም። ለሀገሪቱ የሰብአዊ መብት ኮሚሽን አቤት አለ። አዘጋጆቹ ማስተካከሉ ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያስወጣል፣ አንድ ሰው ከዓመት በላይ ይፈጅበታል ብለው ተከራከሩ። የአቤቱታ አቅራቢው ባለሙያዎች ደግሞ አነስተኛ ቡድን በሳምንታት ይጨርሰዋል አሉ። ኮሚሽኑ ለማጓየር ፈረደ። አዘጋጆቹ የታዘዙትን በሙሉ ስላልፈጸሙ 20,000 የአውስትራሊያ ዶላር ካሳ ከፈሉ። በወቅቱ የመጀመሪያው የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ ከወጣ ገና አንድ ዓመቱ ነበር። ዛሬ ደብሊውሲኤጂ የተባለው ይኸው መመሪያ 2.2 ደርሷል፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ወጥቷል፤ ማንም በነፃ ያነበዋል።

እርግጥ ዓለምም አልተመጻደቀም። ዌብኤይም የተባለው ተቋም በየዓመቱ አንድ ሚሊዮን መነሻ ገጾችን በማሽን ይፈትሻል፤ በ2025 (እ.ኤ.አ.) 94.8 በመቶው ላይ ስህተት አግኝቷል። ግን ጎረቤት ቤቱን ስላልጠረገ እኛ ቆሻሻ ላይ እንተኛ አይባልም።

«ዘመኑ የስልክ ነው፤ ማን በኮምፒውተር ይገባል?» የሚለው ክርክር ደግሞ ተናጋሪውን ራሱን ይጥለዋል። ጣት አያንዣብብም። በማንዣበብ ብቻ የሚከፈት ሜኑ ለዓይነ ስውሩ ብቻ ሳይሆን ባጃጅ ላይ ተቀምጦ በስልኩ ለሚፈልገው ዓይናማም ዝግ ነው፤ ወይም ገና ሲነካው ወዳልፈለገው ገጽ ይወስደዋል።

አንድ ወጥመድ ደግሞ ሳይመጣ በፊት ይነገር። በገጹ ጥግ ላይ የዊልቸር ምስል የምትለጥፍ፣ «አንድ መስመር ኮድ ብቻ ጨምሩ፣ ድረ ገጻችሁ ተደራሽ ይሆናል» የምትል ዕቃ በዓለም ገበያ አለች። እ.ኤ.አ. በ2025 የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን አክሰሲቢ የተባለውን ዋነኛ ሻጭ በዚህ ዓይነት ቃል ኪዳን ምክንያት አንድ ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል አድርጓል። የተሰበረ ደረጃ ላይ ምንጣፍ ቢነጠፍበት አይጠገንም። ሻጩ ሐዋሳ ሲደርስ ግን ሰኔ ከሆነ ፈላጊ አያጣም።

ሰኔን ማንሳት ግድ ነው። የመሥሪያ ቤት ድረ ገጽ የሚገዛው ብዙ ጊዜ በጀት ተመላሽ እንዳይሆን ሲሯሯጡ ነው። ጨረታው «ዘመናዊና ማራኪ» ይላል፤ ማራኪ ለማን እንደሆነ አይልም። ሠሪው ልጅ ብዙውን ጊዜ ጎበዝ ነው፤ ከተማዋ ኮምፒውተር የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ አላት፤ ችሎታ አይደለም የጎደለው። ማንም ስላልጠየቀው አልሠራውም። ተረካቢው ኮሚቴ በፕሮጀክተር አይቶ ያጨበጭባል፤ ሐምሌ 1 ከመግባቱ በፊት ቼኩ ይፈረማል።

እንግዲህ የሚጠየቀው ይህ ነው። ጨረታው ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጨመር፦ ድረ ገጹ ደብሊውሲኤጂ 2.2 ደረጃ ኤኤን ካላሟላ የመጨረሻው ክፍያ አይፈጸምም። ርክክቡ ቀን ኮሚቴው ማውዙን ይንቀልና በታብና በኢንተር ብቻ ከመነሻ ገጹ እስከ ምዝገባው ይሂድ፤ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ከዚያ በከተማዋ ካሉ ስክሪን ሪደር ተጠቃሚዎች አንዱ ተጠርቶ ይፈትነው። ሻይ ተጋብዞ ሳይሆን፣ እንደ ማንኛውም ባለሙያ ውል ፈርሞ፣ አበሉና ክፍያው ታስቦለት።